ደመናው የመንግሥት ነው

ሰው ሠራሽ ዝናብ የሚባለው ነገር በተነሣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በቅርቡ አንድ ወጣት ባለሙያ ድርቅን በዚህ መንገድ እንዴት መዋጋት እንደሚቻል በሬዲዮ ረጋ ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁና ሬዲዮኑን ጠረቀምኩት። ልጁ ምንም አላጠፋም። የሚናገረውም እውነት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ደመና ላይ ዱቄት ስለሚበትን አውሮፕላን ሲወራ የሚታየኝ አባቴ ነው። በገዛ አገሩ ሰው ፊት ቆሞ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ “አልችልም” ሲል ይታየኛል። ያን ያስባሉትን ሰዎች እስካሁን ይቅር አላልኩም። ለማለትም አላሰብኩም።

አባቴ ወገራ ደጋ ላይ በረዶ መላሽ ነበር። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ አገር ክረምቱ ሊወጣ ሲል ገብሱ ያሸታል፤ በረዶ የሚመጣውም ልክ ያኔ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ የዓመቱን ልፋት ከመሬት አጣብቆት ይሄዳል። ስለዚህ አጥቢያው ሰማዩን የሚጠብቅለት ሰው ነበረው። ደመናው ሆዱ ነጣ ብሎ ማጉረምረም ሲጀምር ያ ሰው ከበሬ ቀንድ የተሠራ ጥሩምባውን ይዞ ጉብታው ላይ ይወጣል። ይነፋል፣ ይጸልያል፣ ደመናውን ይቆጣዋል፣ መልሶ ደግሞ ይለማመጠዋል። አባቴ ከሐምሌ ጀምሮ ገብሱ እስኪገባ ድረስ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እህል አይቀምስም ነበር፤ የበላ ሰው ጸሎት እዚያ ድረስ አይወጣም ባይ ነው። አዝመራው በሰላም ከገባ ገበሬው ከየአውድማው ይሰፍርለታል። በረዶ ከመታ ግን ምንም የለም። እንዲያውም “አያ፣ ምነው እንቅልፍ ጥሎህ ነበር?” እየተባለ እስከ ፋሲካ ይቀለድበታል።

ታምኚበት ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ ጎንደር ተምሬ እዚያው እንግሊዝኛ የማስተምር፣ ቁስቋም አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሴት ነበርኩ። ወደ አባቴ ቤት የምወጣው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ስለ በረዶ የማውቀው መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ነው። አንድ ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በዓይኔ አይቻለሁ። በረዶ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ አንድ ሰው ወደ ውጭ ይሮጥ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው ሰባ ሰባት ከመግባቱ በፊት ባለው ክረምት ነው። ደመናው ይመጣል፣ ይጠቁራል፣ ተስፋ ይሰጣል፣ ከዚያ እላያችን ላይ አልፎ ይሄዳል። ማሳው ሁሉ ሳይታጨድ ገለባ ሆነ። ከምንጩ በታች ያለችው እርጥብ መሬት ላይ ብቻ ጥቂት ሰዎች የዘሯት ገብስ እንደ ምንም ብላ አሸተች። ለከርሞ ዘር የሚሆን ነገር ከተገኘ ከዚያች መሬት ነበር፤ ይህን ያላወቀ ሰው አልነበረም። ቄሶቹ ታቦት አውጥተው ምህላ ሊይዙ ተሰናዱ። በዚህ መሃል ካድሬው ከጎንደር መጣ።

ካድሬውን አውቀዋለሁ። ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው፤ ከእኔ ሁለት ክፍል ይቀድመኝ ነበር። ያኔ ቀጭን፣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነበር። አሁን ካኪ ኮት ለብሶ፣ ድምፅ ማጉያ በማኪና አስጭኖ፣ ከኋላው ደግሞ ከወዳጅ አገር የመጣ አንድ ረጅም ፈረንጅ አስከትሎ መጣ። ፈረንጁ የደመና ባለሙያ ነው ተባለ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆንም ይገባል። አስተርጓሚ ሲጠፋ “የእገሌ ልጅ አለችላችሁ” ተብሎ እኔ ከቤት ተጠራሁ።

ፈረንጁ በጣም ጨዋ ሰው ነበር። የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ሐሳቡን ግን አልረሳሁትም። አውሮፕላኑ ከአዘዞ ይነሣል፣ ዝናብ ያዘለ ደመና ካገኘ ጨው የመሰለ ዱቄት ይበትንበታል፣ ያ ዱቄት ጠብታውን ያሰባስበዋል። ደመና ከሌለ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ደመና ቢኖርም ሊዘንብ ይችላል፣ ላይዘንብም ይችላል፣ ዘንቦም ሌላ ቦታ ሊወርድ ይችላል። “እየሞከርን ነው” አለኝ ደጋግሞ። መነጽሩን እየጠረገ “ቃል እንዳትገቡላቸው” ብሎም ጨመረ።

እኔ ሜዳው ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ልተረጉም ስል ካድሬው ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወሰደ። “ለእኔ ንገሪኝ፣ ለሕዝቡ እኔ እነግረዋለሁ” አለ። ነገርኩት። ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እሱም ግራ እጁን አነሣና ምን ቢል ጥሩ ነው? “ጓድ ባለሙያው እንዳረጋገጡልን ለአብዮቱ በዓል ዝናብ ይዘንባል! ከእንግዲህ ሰማይ አንጋጦ መለመን ቀረ፤ ሰማዩን የምናዘው እኛ ነን!”

“ኧረ እንዲህ አላለም!” ብዬ ጮህኩ። ከፊት የተቀመጡት ሰሙኝ። ካድሬው ማጉያውን በመዳፉ ሸፈነና “አንቺ፣ አርፈሽ ተቀመጪ” አለኝ። ፈረንጁ እኔንም እሱንም እያየ ፈገግ አለ፤ ምስኪን፣ የተመሰገነ መስሎት ነው።

ከዚያ ትእዛዙ ተዥጎደጎደ። ምህላው ይቅር። ዘር የተረፈው ሰው ዘሩን ያውጣና ይዝራ፣ ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ባዶውን እንዳይጠብቅ። በመጨረሻ ወደ አባቴ ዞረ። የአባቴን ሥራ ቀድሞ አጣርቷል ማለት ነው።

“አባባ፣ ያቺን ጥሩምባ ስቀላት” አለው። “ከዛሬ ጀምሮ ደመናው የመንግሥት ነው።”

መሬቱ የመንግሥት ነው ከተባለ ዓመታት አልፈው ስለነበር ሰዉ ብዙም አልገረመው። አባቴ ግን ትንሽ አሰብ አደረገና ጠየቀ።

“ሸጋ። በረዶውስ የማን ነው?”

ሰዉ ሳቀ። በዚያ ችጋር ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ካድሬው አልሳቀም። “በረዶ አይኖርም” ብሎ ዘጋው።

የተባለው ቀን ደረሰ። ከጎንደር ከተማ እንግዶች መጥተው ድንኳን ተተክሎላቸዋል፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር ተጽፎ ተሰቅሏል፣ ሕዝቡ በየጎጡ ተጠርቶ ሜዳው ላይ ፈሷል። ሰዎቹ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ሴቶቹ ቆመው መዋል አቅቷቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ መጣ። ትንሽ ነች። በሰሜን ተራራዎች በኩል ትልቅ ደመና ተነሥቶ ነበርና ወደ እሱ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። እኔ ራሴ እጆቼን ጨብጬ “እባክህ፣ እባክህ” እል ነበር። ካድሬውን ብጠላውም ዝናቡን አልጠላሁትም።

ደመናው ወደ እኛ እየተጠጋ ሲመጣ ግን ሆዱ ነጣ። ማጉረምረም ጀመረ። ከምንጩ በታች ያለችው ገብስ ባለቤቶች ተነሥተው ቆሙ። አንዷ ባልቴት ወደ አባቴ ዞራ “አያ፣ ምነው ዝም አልክ? ዘራችን አለቀ እኮ!” አለች። አባቴ አየኝ። ከዚያ ተነሣና ሄደ። ሜዳው ሙሉ ሰው እያየው ወደ ቤት ገብቶ ጥሩምባውን አውርዶ ጉብታው ላይ ወጣ። ፀሐይ ገና ነበረችና በአፉ እህል አልዞረም፤ በዚያ ዓመት እንኳ ከፀሐይ በኋላም የሚዞር ብዙ አልነበረም።

ነፋ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ከብት ሲያምጥ እንደሚሰማው ያለ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ደመናው መጣ መጣና ከላያችን ሳይደርስ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ክፋይ ወደ ተራራው ተመለሰ። ሌላው ገደሉን ዘልሎ ሰው ከማይኖርበት ቆላ ላይ ሲዘረገፍ ከሩቅ አየነው። እኛ ዘንድ አንድ ጠብታ አልወደቀም። በረዶም አልወደቀም፤ የምንጯ ገብስ ተረፈች። ባልቴቷ እልል አለች። እንግዶቹ ከድንኳኑ ወጥተው ሰማዩን ትንሽ አይተው ማኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ፈረንጁ እንደዚህ ሊሆን እንደሚችል ነግሮኝ ነበር። ዘንቦ ሌላ ቦታ ሊወርድ ይችላል ብሎኛል። ያን ቃል ሕዝቡ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ሰዉ አዝኖ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፣ በቃ። ነገር ግን ዝናብ በትእዛዝ ይመጣል ተብሎ ተነግሯል። እንግዲህ ከቀረ ያስቀረው ሰው መገኘት አለበት። ማን እንደሚገኝ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ጉብታው ላይ ቆሞ ሲነፋ ሕዝብ ያየው ሰው አለ።

በነጋታው ሁለት ሚሊሻዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። ጥሩምባውንም ወሰዱ። ወንጀሉ “ኢኮኖሚያዊ አሻጥር” ነው ተባለ። ያን ቃል ስሰማ ስኳር የደበቀ ነጋዴ ነበር ትዝ የሚለኝ። ሰው ደመና ደብቆ ይታሰራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እኔም ተከትዬ ጎንደር ወረድኩ። ስንቅ ይዤ እመላለሳለሁ፤ በር ላይ ይቀበሉኛል፣ አባቴን ግን አያሳዩኝም። እናቴ ወገራ ብቻዋን ቀርታለች፤ ቤት ውስጥ ያለው እህል የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ሲብስብኝ ካድሬው ቢሮ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ሦስቱ የሶሻሊዝም ጺማሞች ተሰቅለዋል። ከእነሱ በታች፣ ሚስማር ላይ፣ የአባቴ ጥሩምባ ተንጠልጥሏል። ለጎብኚ የተሰቀለ ይመስላል።

“አንድ ነገር ጠይቄህ ልሂድ” አልኩት። “ጥሩምባ ደመና ያባርራል?”

“አያባርርም። የኋላቀሮች ተረት ነው። አንቺ ደግሞ የተማርሽ ሴት ነሽ።”

“እንግዲያው አባቴ ምን አጠፋ?”

“ደመናውን አባረረ።”

የተናገረውን ራሱም ሰማው መሰለኝ ጆሮው ቀላ። እኔ ልስቅ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አልሳቅኩም። ቶሎ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገና እንዲህ አለኝ፤ “ስሚ። ካባረረው አሻጥረኛ ነው። ማባረር የማይችል ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የድሃ ገበሬ ገብስ ሲያጭበረብር የኖረ በዝባዥ ነው። የቱ ይሻለዋል? አንቺ ምረጪለት።”

“ፈረንጁ የተናገረውን ታውቃለህ። ነግሬሃለሁ።”

“የተረጎምሽው አንቺ ነሽ” አለ ወረቀቱን እያስተካከለ። “ስሕተቱ ከትርጉሙ ቢሆንስ?”

እስካሁን የሚያቃጥለኝ ማስፈራራቱ አይደለም፤ ያን ዘመን የኖረ ሰው ማስፈራራት ብርቁ አይደለም። የሚያቃጥለኝ ያ ልጅ ሞኝ አለመሆኑ ነው። ነገሩ ሁሉ ገብቶታል። ደመናው ለምን እንደሄደ ከእኔ እኩል ያውቃል። እያወቀ ነው ሽማግሌውን ከሁለት ጎን አጥሮ መሃል ያቆመው።

መውጫው አንድ ብቻ ነው ተባልን፤ ግለ ሂስ። አባቴ ወደ አገሩ ይመለስና ሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገር። አሻጥሩ ይቀርለታል፤ ማጭበርበሩን ግን ይመን። ሲያገናኙኝ አባቴ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶት ነበር። የጠየቀኝ ስለ እናቴ ብቻ ነው። “ብቻዋን ነች” አልኩት። “እንግዲያው እላለሁ” አለ። ሌላ ክርክር አላደረግንም።

ያ ስብሰባ የተደረገው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። የድንኳኑ ካስማ ጉድጓዶች ገና አልተደፈኑም። አባቴ ያሰናዱለትን ረጅም ንግግር መያዝ አልቻለም፤ ወይም አልፈለገም። ጋቢውን አደግድጎ “በረዶ መመለስ አልችልም” አለ። “ችዬም አላውቅም። የበላሁትን ገብስ ይቅር በሉኝ።” ካድሬው አጨበጨበ። ከእሱ ጋር የመጡት አጨበጨቡ። የኛ ሰው አላጨበጨበም። ያቺ ባልቴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች፤ ዘሯን ያተረፈችው ከምንጯ ገብስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ችጋር ሌሎች ጽፈውታል፣ እኔ አልጽፈውም። እናቴ ተረፈች። አባቴ ተረፈ። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ራሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ መጣ። የምንጯ ገብስ ዘር ሆና ተከፋፍላ ነበርና ደጋው እንደገና አረንጓዴ ለበሰ። እኔም ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደ ልማዴ ወጣሁ። አባቴ ጦሙን እንዳልተወ ያወቅኩት ያኔ ነው። ጥሩምባ የለውም፣ ጉብታው ላይ አይወጣም፣ ግን ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እህል አይቀምስም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በዚያ ዓመት ለአምራቾች ማኅበር ተብሎ ሜዳውን የሚያህል ማሳ በአንድ ላይ ተዘርቶ ነበር። ካድሬው የሚመካበት ማሳ ነው፤ ከላይ ሰዎች መጥተው ሊጎበኙት ነው። ገብሱ አሽቶ አጨዳው ሲቃረብ አንድ ቀን ቀትር ላይ በተራራው በኩል ደመና ተነሣ። ሆዱ ነጭ ነው። እኔና አባቴ ደጅ ቆመን እያየነው ሳለ ለጉብኝቱ ከጎንደር መጥቶ የሰነበተው ካድሬ እየሮጠ መጣ። ብቻውን ነው። እጁ ላይ ቦርሳ ይዟል። ግራ ቀኙን አየና ቦርሳውን ከፈተ፤ ጥሩምባውን አወጣ።

“አባባ፣ እባክዎ” አለ። “ማሳው አለቀ።”

አንቱ ማለቱ ነው። ውስጤ ያበጠው ሁሉ ፈነዳ። “ውጣ ከዚህ! ደመናው የመንግሥት አይደለም እንዴ? ሂድና እዘዘው! የኋላቀሮች ተረት ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል?” አልኩት። ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ለመጻፍ አይመችም። አባቴ በእጁ ዝም አሰኘኝ።

“አባየ፣ አትሂድለት!” አልኩት።

“የእሱ ገብስ ነው እንዴ?” አለኝ። “የዘራው ሰዉ ነው እኮ።”

ጥሩምባውን ተቀበለና ሄደ። ሰዉ እንደ ድሮው ወደየቤቱ ሲሮጥ እሱ እንደ ድሮው ወደ ውጭ ሮጠ። ካድሬው እኛ ቤት በር ላይ ተጠልሎ ቆመ። የጥሩምባው ድምፅ ተሰማ። እንደገና ተሰማ። ከዚያ በረዶው ጣሪያውን መታና ሌላ ነገር መስማት አልቻልንም።

ሲያባራ አባቴ ተመለሰ። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ጺሙ ላይ ረግቷል። ትከሻው በልዟል። ከምንጩ እስከ ሜዳው፣ የማኅበሩም የግሉም ገብስ፣ መሬት ላይ ተነጥፏል። እናቴ ደሙን እየጠረገች ታለቅሳለች፣ እሱ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ካድሬውን ዞር ብዬ ሳየው የለም። ቦርሳውንም ይዞ ሄዷል።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆመ። እዚያ በር ላይ “እባክዎ” ያለው አፍ ምን እንደተናገረ ልንገራችሁ። “ጓዶች፣ አያችሁ? ትምህርት ይሁናችሁ! ይህ ሰው ቃሉን አጥፎ ወጥቶ ነፋ። ምን አመጣ? ሳይንስ ያለው ሆነ፣ አይችልም!”

ተነሣሁ። ጥሩምባውን ማን እንዳመጣው ለሕዝቡ ልናገር ነው የተነሣሁት፣ ቢገድሉኝም ግድ አልነበረኝም። አባቴ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። እየፈራልኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ፍርሃት አልነበረበትም። ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም።

“ተይው ልጄ” አለኝ ቀስ ብሎ። “አምና አልችልም ያልኩ ጊዜ ዋሽቼ ነበር። ዘንድሮ እሱ እውነቱን ነው።”

ማሰራቸውን እረሳው ይሆናል። ጥሩምባውን ሚስማር ላይ መስቀላቸውንም እረሳው ይሆናል። ይህን ግን አልረሳም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል። ጦሙን ተወ። ደመና ሲያጉረመርም ግን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወደ ቤት የሚሮጠው እሱ ሆነ።